የወሎን ዝናብ በተራ ጽሑፍ መሳል፦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ግራፍ በፓይተን

ደላንታ ወይም ለጋምቦ ላይ ስለ ዝናብ ጨዋታ ከተነሳ ወሬው በልግ ላይ ማረፉ አይቀርም። ክረምቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመጣል። የሚያስጨንቀው የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ነው። በልግ አብቃይ ቀበሌ ውስጥ ያለ ገበሬ በዚያ ዝናብ ነው የዓመቱን ቀለብ የሚያሰላው።

ይህን ዝናብ በደብተር የሚመዘግብ ሰው አይጠፋም። አስተማሪ አለ፣ የግብርና ባለሙያ አለ፣ ተማሪ አለ። ችግሩ ደብተር ላይ የተደረደረ ቁጥር ዓይን ውስጥ አለመግባቱ ነው። 85 እና 50 ጎን ለጎን ተጽፈው ሲታዩ ምንም አይሉም። ሲሳሉ ግን ወዲያው ይናገራሉ።

ግራፍ በኮድ እንሳል ሲባል ብዙ ሰው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ የሚጨመረውን የግራፍ መሳያ፣ ማትፕሎትሊብን፣ በቀጥታ ያነሳል። ጥሩ ላይብረሪ ነው፤ ጥላቻ የለኝም። ነገር ግን መውረድ አለበት፣ ዳታ ይበላል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይንቀራፈፋል። ያወጣው ምስልም ኔትወርክ ሲደክም አልላክ ይላል። በጽሑፍ የተሳለ ግራፍ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ፓይተን ብቻ ይበቃዋል። ውጤቱ ጽሑፍ ስለሆነ ይገለበጣል፣ ይለጠፋል፣ በቴሌግራም ይላካል፣ በማንኛውም ፕሪንተር ይታተማል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው ግኑፕሎት የተባለው የግራፍ ፕሮግራም እስከ ዛሬ በፊደልና በምልክት ብቻ የሚስልበት አማራጭ አለው።

መጀመሪያ ዕቃውን እናሰናዳ

ኮምፒውተር ካላችሁ ፓይተን 3 ይጫን። ከሌላችሁ አንድሮይድ ስልክ ይበቃል። ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን አፕ አንዴ ዋይፋይ ባለበት አውርዱት። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መብራት ቢጠፋም ሥራችሁ አይቆምም።

አሁን ወሳኝ ማሳሰቢያ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የፓይተንን የራሱን ቃላት በእኛ ፊደል ነው የጻፍኳቸው። ፎር፣ ኢን፣ ኢፍ፣ ኤሊፍ፣ ኤልስ፣ ኤንድ፣ ኢዝ፣ ነን፣ ፕሪንት፣ ራውንድ፣ ማክስ፣ ሚን፣ ሬንጅ፣ ዚፕ፣ ስትር፣ ሰም፣ ሌን፣ ጆይን፣ ኢኑመሬት፣ አርጀስት የሚሉትን ስታዩ ኪቦርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ምቷቸው። ሁሉም በትንንሽ ፊደል ይጻፋሉ፤ ነን ብቻ በትልቅ ፊደል ይጀምራል። አርጀስት ማለት አር የምትለዋ ፊደልና ጀስት የሚለው ቃል ሳይለያዩ ሲጻፉ ነው።

የቀረውን በአማርኛ እንዳለ ጻፉት። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን ለቫሪያብል (መረጃ ለምናስቀምጥበት መያዣ) ስም ይቀበላል። ዝናብ የሚል ቫሪያብል ይሠራል፣ ከፍታ የሚልም ይሠራል። እንደ ፕሪንት ያሉትን የፋንክሽኖች (ሥራ የሚያሠሩ ትእዛዞች) ስም እንኳ መቀየር ይቻላል። አናት ላይ አሳይ = ፕሪንት ብላችሁ ብትጽፉ ከዚያ በታች ፕሪንት በማለት ፋንታ አሳይ ማለት ትችላላችሁ። እንደ ፎር እና ኢፍ ያሉት ቃላት ግን አይቀየሩም።

በአማርኛ ኪቦርድ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር ላይ መጠንቀቅ አለበት።

የመጀመሪያው ሥርዓተ ነጥብ ነው። የእኛን ነጠላ ሰረዝ (፣) ሊስት (በ[ ] ውስጥ የተደረደረ መረጃ) ውስጥ ብታስገቡ ፓይተን ኢንቫሊድ ካራክተር ብሎ ይቆማል። ሁለት ነጥባችንም (፡) እንዲሁ። ቁጥሮችን የሚለየው የእንግሊዝኛው ኮማ ነው፤ የፎር መስመር የሚዘጋውም በእንግሊዝኛው ኮለን ነው። ስለዚህ ስም ከጻፋችሁ በኋላ ኪቦርዱን መልሱት።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ለእኛ ዓመት እና አመት አንድ ናቸው። ለፓይተን ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቫሪያብሎች ናቸው። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ።

ሦስተኛው የግዕዝ ቁጥር ነው። ፩ን እና ፪ን ፓይተን እንደ ቁጥር ምልክት ያውቃቸዋል፤ ወደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ቀይርልኝ ስትሉት ግን እምቢ ይላል። ስለዚህ መረጃው በ1፣ 2፣ 3 ይጻፍ።

አንደኛ ሥራ፦ አግድም ባር

ከዝናቡ በፊት በማይለዋወጥ ነገር እንጀምር። ከባቲ ተነስቶ በኮምቦልቻ፣ በደሴ፣ በሐይቅና በወልዲያ አድርጎ ቆቦ የሚደርሰው መንገድ የሚያልፍባቸው ከተሞች ከፍታ ይሁን። ቁጥሮቹን ለሥራ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

```
ከተማ = ["ባቲ", "ኮምቦልቻ", "ደሴ", "ሐይቅ", "ወልዲያ", "ቆቦ"]
ከፍታ = [1500, 1850, 2500, 2000, 2100, 1500]
ስፋት = 30
ትልቁ = ማክስ(ከፍታ)

ፎር ሜ, ስም ኢን ዚፕ(ከፍታ, ከተማ):
    ርዝመት = ራውንድ(ሜ / ትልቁ * ስፋት)
    ፕሪንት(ሜ, "|" + "█" * ርዝመት, ስም)
```

ሲሠራ እንዲህ ያወጣል፦

```
1500 |██████████████████ ባቲ
1850 |██████████████████████ ኮምቦልቻ
2500 |██████████████████████████████ ደሴ
2000 |████████████████████████ ሐይቅ
2100 |█████████████████████████ ወልዲያ
1500 |██████████████████ ቆቦ
```

ዚፕ ከፍታንና ከተማን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያቀርባል። ሥራው ሁሉ ያለው ርዝመት የሚለው መስመር ላይ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ለትልቁ ስናካፍል ከ0 እስከ 1 ያለ ክፍልፋይ እናገኛለን። በ30 ስናባዛው ስንት ብሎክ እንደሚገባው ይነግረናል። ኮምቦልቻን እንመልከት። 1850 ለ2500 ሲካፈል 0.74 ይሆናል። በ30 ሲባዛ 22.2፤ ተጠጋግቶ 22 ብሎክ። ፓይተን ውስጥ ጽሑፍን በቁጥር ማባዛት ደግሞ ያን ያህል ጊዜ መድገም ማለት ነው።

የብሎኩን ምልክት ኪቦርድ ላይ አታገኙትም፤ ከዚህ ገልብጡት። ስልካችሁ ካላሳየው ወይም ፕሪንተራችሁ ካላወቀው የእኩል ይሆናል ምልክት (=) ተኩበት፤ ምንም አይጎድልም።

ስሙን ለምን ቀኝ ዳር እንዳደረግኩት ላስረዳ። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ማስተማሪያዎች ስሙን በግራ አድርገው ክፍት ቦታ እየሞሉ ያስተካክሉታል። ለላቲን ፊደል ይሠራል፤ በኮድ መጻፊያ ፎንት ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ስላለው። የእኛ ፊደል ግን በአብዛኛው ፎንት እንዲህ አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ያሉት ኒያላም ሆነ ኤብሪማ እኩል ስፋት የላቸውም። ኮምቦልቻ ብላችሁ አምስት ፊደል ብትቆጥሩ ስክሪኑ ላይ የሚይዘው ቦታ አምስት አሃዝ ከሚይዘው ይለያል። ስለዚህ ስሙ በግራ ከሆነ ባሮቹ መነሻቸው ይዛነፋል። መነሻው የተዛነፈ ባር ደግሞ ውሸት ይናገራል። ቁጥሩ በግራ፣ ባሩ መሃል፣ ስሙ በቀኝ። አሃዞች ስፋታቸው እኩል ስለሆነ መነሻው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለአማርኛ ግራፍ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አላውቅም።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። ሊስቱ ላይ አቡነ ዮሴፍ ተራራን ጨምሩ፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ሁሉም ባር ባንዴ ያጥራል። ባቲ ከ18 ብሎክ ወደ 11 ይወርዳል። ባቲ አልወረደችም፤ መለኪያው ነው የተቀየረው። ይህን ያዙልኝ፤ ዝናቡ ላይ ክረምት በልግን የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከዜሮ መነሳት የማያስፈልግበት ጊዜ

ከላይ ያለው ሥዕል ትክክል ነው፤ ግን የሐረጎን ዳገት አያሳይም። ከኮምቦልቻ ደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ የወጣ ሰው ልዩነቱ ስምንት ብሎክ ብቻ ነው ቢባል አይዋጥለትም። ልዩነቱን ማየት ከፈለግን መነሻውን ከዜሮ ወደ ትንሹ ቁጥር እናመጣዋለን። ያኔ ግን ባር መጠቀም የለብንም። ባር በርዝመቱ ነው የሚነበበው። ርዝመቱ ከዜሮ ካልጀመረ፣ ደሴ ከኮምቦልቻ ሦስት እጥፍ ከፍ ትላለች ብሎ የሚያነብ ሰው ይኖራል። ነጥብ ግን በቦታው ነው የሚነበበው። ስለዚህ ባሩን በኮከብ እንተካው።

```
ትንሹ = ሚን(ከፍታ)

ፎር ሜ, ስም ኢን ዚፕ(ከፍታ, ከተማ):
    ቦታ = ራውንድ((ሜ - ትንሹ) / (ትልቁ - ትንሹ) * ስፋት)
    ፕሪንት(ሜ, "|" + " " * ቦታ + "*", ስም)
```

```
1500 |* ባቲ
1850 |          * ኮምቦልቻ
2500 |                              * ደሴ
2000 |               * ሐይቅ
2100 |                  * ወልዲያ
1500 |* ቆቦ
```

አሁን መንገዱ ታየ። ሐረጎ ላይ ሽቅብ፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ ቁልቁል፣ ወልዲያ ላይ ትንሽ ቀና፣ ቆቦ ላይ ቆላ።

ኮምቦልቻ ላይ ሒሳቡ 10.5 ነው የሚመጣው፤ ፓይተን ግን 10 አለው። ራውንድ ልክ ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደ ተጋማሹ ቁጥር ነው የሚያጋድለው፤ ትምህርት ቤት እንደተማርነው ሁልጊዜ ወደ ላይ አይሄድም። ለግራፍ አንድ ቦታ ለውጥ አያመጣም። ሌላ ቦታ ግን አትርሱት። እንዲሁም ሁሉም ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ትልቁ ሲቀነስ ትንሹ ዜሮ ይሆንና ፓይተን በዜሮ ማካፈል አይቻልም ብሎ ይቆማል።

ሁለተኛ ሥራ፦ የዓመቱ ዝናብ፣ ወደ ላይ በቆሙ ባሮች

ዝናብ በጊዜ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ጊዜው ከግራ ወደ ቀኝ ቢሄድ፣ መጠኑ ወደ ላይ ቢያድግ ነው የሚያምረው።

መረጃ ከሌላችሁ ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። አፉና ቂጡ እኩል ስፋት ያለው ቀጥ ያለ ጣሳ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ ይቀመጥ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የውሃውን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩና ድፉት። ጥልቀቱ በሚሊ ሜትር ያው የዝናቡ መጠን ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ይህን ለገበሬ ስትነግሩት ቁጥሩ ትርጉም ይኖረዋል።

ቀጥለው ያሉት ቁጥሮች የመለማመጃ ናቸው፤ የየትኛውም ጣቢያ መረጃ አይደሉም። ቅርጻቸው ግን የወሎ ነው፦ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ትንሽ ጉብታ፣ ሰኔ ላይ እረፍት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዋናው። የመጀመሪያው ቁጥር የመስከረም፣ የመጨረሻው የነሐሴ ነው።

```
ዝናብ = [90, 40, 25, 15, 25, 40, 80, 85, 50, 35, 240, 260]
እርከን = 30

ፎር ደረጃ ኢን ሬንጅ(9, 0, -1):
    መስመር = ስትር(ደረጃ * እርከን).አርጀስት(4) + " |"
    ፎር መጠን ኢን ዝናብ:
        ቁመት = ራውንድ(መጠን / እርከን)
        ኢፍ ቁመት >= ደረጃ:
            መስመር += " ██"
        ኤሊፍ ደረጃ == 1 ኤንድ መጠን > 0:
            መስመር += " .."
        ኤልስ:
            መስመር += "   "
    ፕሪንት(መስመር)

ፕሪንት("     +" + "-" * 36)
ፕሪንት("      " + "".ጆይን(ስትር(ወር).አርጀስት(3) ፎር ወር ኢን ሬንጅ(1, 13)))
```

```
 270 |                                  ██
 240 |                               ██ ██
 210 |                               ██ ██
 180 |                               ██ ██
 150 |                               ██ ██
 120 |                               ██ ██
  90 | ██                ██ ██       ██ ██
  60 | ██                ██ ██ ██    ██ ██
  30 | ██ ██ ██ .. ██ ██ ██ ██ ██ ██ ██ ██
     +------------------------------------
        1  2  3  4  5  6  7  8  9 10 11 12
```

ስልክ ላይ ከሆናችሁ አግድም አዙሩት፤ አለዚያ መስመሩ ይታጠፋል።

ኮዱ እንዴት ይሄዳል? ስክሪን ከላይ ወደ ታች ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ከላይኛው ደረጃ ተነስተን እየወረድን ነው የምንስለው። ለዚህ ነው ሬንጅ ከ9 ጀምሮ በ-1 የሚወርደው። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ለአሥራ ሁለቱም ወር አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ የዚህ ወር ቁመት እዚህ ይደርሳል? ከደረሰ ብሎክ፣ ካልደረሰ ክፍት ቦታ። ክፍት ቦታውን መዝለል አይቻልም፤ ሦስት ስፔስ ካልተቀመጠ ቀጣዩ ወር ወደ ግራ ይንሸራተታል። አርጀስት ቁጥሩን ወደ ቀኝ ያስጠጋዋል፤ 30 እና 270 በመጨረሻ አሃዛቸው እንዲሰለፉ።

እርከኑን 30 ያልኩት በእጄ ነው። ማሽኑ ራሱ ትልቁን ለ9 አካፍሎ እርከን እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል፤ ግን 28.9 የሚባል እርከን ይወጣና ማንም አያነበውም። 10፣ 20፣ 30፣ 50 ሁልጊዜ ይሻላሉ። ከሥዕሉ ሥር «አንድ ብሎክ 30 ሚሜ» የሚል መስመርም ጨምሩ።

አራተኛው ወር ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች ተመልከቱ። ታኅሣሥ 15 ሚሊ ሜትር ዘንቧል። ለ30 ሲካፈል 0.5 ነው፤ ወደ 0 ተጠጋጋ። ያቺ የኤሊፍ መስመር ባትኖር ኖሮ ታኅሣሥ ባዶ ይሆን ነበር፤ አንባቢውም ጠብ አላለም ብሎ ይደመድም ነበር። ትንሽ ዝናብና ምንም ዝናብ አንድ አይደሉም።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። መዝጋቢው ታሞ ወይም ለቅሶ ሄዶ ያልተለካ ወር ይኖራል። ደብተሩ ላይ ባዶ ነው። ብዙ ሰው ወደ ኮድ ሲያስገባው 0 ይጽፍበታል። ይህ መሆን የለበትም። ያልተለካ ወር ማለት አላውቅም ማለት ነው፤ 0 ማለት ደግሞ አልዘነበም ማለት ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ባሳለፈ አገር ላይ ሁለቱን ማምታታት ትልቅ ነገር ነው። ያልተለካውን ነን ብላችሁ ሊስቱ ውስጥ አስገቡና፣ ውስጠኛው ፎር ውስጥ ከሁሉ በፊት ይህን ጨምሩ፦

```
        ኢፍ መጠን ኢዝ ነን:
            መስመር += " ??" ኢፍ ደረጃ == 1 ኤልስ "   "
            ኮንቲኒው
```

ኮንቲኒውም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ሥራው ይህን ወር እዚሁ ጨርሰህ ወደሚቀጥለው እለፍ ማለት ነው። አሁን ያልተለካው ወር በጥያቄ ምልክት ይታያል። ቁመት የሚለው መስመር ከዚህ በታች መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ነንን ለቁጥር ማካፈል አይቻልም።

ጳጉሜስ? አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ያላትን ወር ከሠላሳ ቀን ወር ጎን ማቆም ፍትሐዊ አይደለም። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሁሉንም ለቀናቸው ብዛት አካፍሎ የቀን አማካይ መሳል ነው። ሌላው የአየር ጠባይና የግብርና ባለሙያዎች እንደሚያደርጉት በአሥር ቀን መሥራት ነው። የእኛ ወር ሦስት ሙሉ አሥር ቀን ስላለው ለዚህ ይመቻል፤ ጳጉሜ ለብቻዋ ትቆጠራለች። እኔ አሥር ቀኑን እመርጣለሁ። ዘር የሚዘራው በወር ሳይሆን በሳምንታት ስለሆነ፣ ሚያዝያ በጥቅሉ 85 ዘነበ ከማለት የመጀመሪያው አሥር ቀን ባዶ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል።

ሦስተኛ ሥራ፦ በልግን ከክረምት ጥላ ማውጣት

ከላይ ያለውን ሥዕል እንደገና እዩት። ነሐሴ ሰማይ ነክቷል፤ ሚያዝያ ሦስት ብሎክ ነው። የሚያዝያው ዝናብ በግማሽ ቢቀንስ ከሦስት ብሎክ ወደ አንድ ይወርዳል፤ ሥዕሉ ላይ ብዙም አያስታውቅም። ደላንታ ላይ ግን ያ ልዩነት አዝመራ መኖርና አለመኖር ነው። አቡነ ዮሴፍ ባቲን እንዳሳጠራት ሁሉ ክረምት በልግን ሸፈነው። መፍትሔው በልግን ለብቻ ማውጣትና ከራሱ አማካይ ጋር ማወዳደር ነው።

የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦትን ደምራችሁ ለየዓመቱ አንድ ቁጥር ያዙ። እነዚህም የመለማመጃ ናቸው።

```
በልግ = [255, 180, 310, 120, 260]
አማካይ = ሰም(በልግ) / ሌን(በልግ)

ፎር ተራ, ድምር ኢን ኢኑመሬት(በልግ, 1):
    ልዩነት = ራውንድ((ድምር - አማካይ) / 15)
    ፕሪንት(ተራ, ("-" * -ልዩነት).አርጀስት(8) + "|" + "+" * ልዩነት)
```

```
1         |++
2      ---|
3         |++++++
4  -------|
5         |++
```

መሃል ያለው መስመር አማካዩ ነው፤ እዚህ 225 ሚሊ ሜትር። እያንዳንዱ ምልክት 15 ሚሊ ሜትር ነው። አራተኛው ዓመት ምንም ማብራሪያ አይፈልግም።

ኢኑመሬት ለየዓመቱ ከ1 ጀምሮ ተራ ቁጥር ይሰጣል። ኮዱ ውስጥ ኢፍ የለም። ፓይተን ጽሑፍን ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ስታባዙ ስህተት አይልም፤ ባዶ ጽሑፍ ይመልሳል። ልዩነቱ 6 ከሆነ የግራው በራሱ ባዶ ይሆናል፤ -7 ከሆነ የቀኙ ባዶ ይሆናል። አርጀስት ውስጥ ያለው 8 ለግራው በኩል የተተወ ቦታ ነው። የእናንተ መረጃ የበለጠ ከተንሸራተተ ከፍ አድርጉት። የአምስት ዓመት አማካይ ለልምምድ ነው እንጂ ለውሳኔ አይበቃም፤ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች የሚያነጻጽሩት ከ30 ዓመት አማካይ ጋር ነው። ያላችሁ ትንሽ ከሆነ ስንት ዓመት እንደሆነ ሥዕሉ ሥር ጻፉ።

በአንድ መስመር

ዓመቱን ሙሉ በአንድ መስመር መላክ ሲያስፈልግ ስምንት ከፍታ ያላቸውን ብሎኮች እንጠቀማለን።

```
ብሎክ = "▁▂▃▄▅▆▇█"
ጫፍ = ማክስ(ዝናብ)
ፕሪንት("".ጆይን(ብሎክ[ራውንድ(መጠን / ጫፍ * 7)] ፎር መጠን ኢን ዝናብ))
```

```
▃▂▂▁▂▂▃▃▂▂▇█
```

በ7 የምናባዛው ፓይተን ከ0 ስለሚቆጥር ነው፤ ስምንተኛው ብሎክ ቁጥሩ 7 ነው። ሊስቱ ውስጥ ነን ካለ ማክስ ስለማይሠራ ይህን የምትጠቀሙት ለሙሉ ዓመት ብቻ ነው።

ይህ አጭር ስለሆነ በኤስኤምኤስም ይሄዳል። አማርኛም ሆነ እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት አንድ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ይይዛል፤ አሥራ ሁለቱ ብሎክ፣ የቦታው ስምና ዓመቱ በደንብ ይበቃቸዋል። የተቀባዩ ስልክ ባለ ቁልፍ ከሆነ ብሎኩ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል። ያኔ ብሎክ የሚለውን "01234567" አድርጉት። 211011221167 የሚል ይደርሰዋል፤ ውበት የለውም፣ መረጃው ግን አልጎደለም።

ሲላክ እንዳይበላሽ

ቴሌግራም ላይ ዝም ብሎ ከተለጠፈ ሥዕሉ ይፈርሳል፤ ተራው ፎንት ስፔስን ያጠበዋልና። ስልክ ላይ ጽሑፉን ሙሉ ምረጡና ከሚመጣው ዝርዝር ሞኖ ወይም ሞኖስፔስ የሚለውን ንኩ። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችውን ትንሽ ጭረት ከጽሑፉ በፊት ሦስት ጊዜ፣ ከጽሑፉ በኋላም ሦስት ጊዜ ምቱ። ስልኩን ሳያዞር የሚያነብ ሰው ካለ ጠቅላላ ስፋቱ ከ30 ቦታ ባይበልጥ ይመረጣል። ለቆመው ሥዕል የየወሩን " ██" ወደ " █" አሳጥሩ፤ ሦስቱን ስፔስ፣ ነጥቦቹንና የጥያቄ ምልክቶቹንም እንደዚሁ ወደ ሁለት ቦታ አውርዱ። ከታች ያለውን ሰረዝ ወደ 24 ቀንሱና ከወር ቁጥሮቹ የመጨረሻ አሃዛቸውን ብቻ አስቀሩ።

ፋይል ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ኦፕን ስትሉ (ፋይል ሲከፈት) ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ፊደሉ የሚቀመጥበትን መንገድ፣ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ዊንዶውስ ላይ ይህ ካልተጻፈ ወይ ፓይተን ይቆማል፣ ወይ ወልዲያ የሚለው ስም የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ለማተም ኖትፓድ ላይ ክፈቱትና ፎንቱን ኮንሶላስ አድርጉ። ከዚያ አንድ ገጽ አትማችሁ የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ትችላላችሁ፤ ከሥሩ የተለካበት ቦታ፣ የለኪው ስምና አንድ ብሎክ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይጻፍ።